ብረት ለእጅ ወይስ እጅ ለብረት?

በዋግ ኽምራ ደጋ መሣሪያ ከአባት ለልጅ ሲወርድ፣ ከባል ለሚስት ሲተርፍ ኖሯል። ብረቱን የሚረከበው እጅ ግን ሁልጊዜ ብረቱ የተሠራለት እጅ አይደለም። መዳፉ ትንሽ የሆነ ሰው፣ በተለይም ሴት፣ ራሱን የሚከላከልበትን ሽጉጥ በምን ይመርጣል?

ሰቆጣ በገበያ ቀን ማልዳ ትነቃለች። ከደጋው ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች፣ ከቆላው የአበርገሌ ፍየል የሚነዱ ልጆች፣ የማር ዕቃ ያዘሉ እናቶች በድንጋያማው ዳገት ቁልቁል ይወርዳሉ። ኽምጣኛና አማርኛ በአንድ ጨዋታ መሐል ይቀባበላሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጋቢውን አጣፍቶ ጠመንጃውን በትከሻው ያነገተ ገበሬ ማየት ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ሰላም ሲል ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ማንገቻውን ያስተካክላል፤ ሲቀመጥ ሰደፉን መሬት አስነክቶ በጉልበቱ መሐል ያቆመዋል። ብረቱና ሰውየው ተላምደዋል።

ጠመንጃ ይታያል፤ ሽጉጥ አይታይም። ሽጉጥ የኮት ሥር፣ የጋቢ ሥር ዕቃ ነው። በሴት እጅ ያለው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የተሰወረ ነው። ያም ሆኖ ስለ ሽጉጥ የሚጠይቁት ወንዶች ብቻ መሆናቸው ቀርቷል። ሌሊት ከሱቋ ወደ ቤቷ የምትመለስ ነጋዴ፣ በቀበሌ ሚሊሻነት የተመዘገበች ወጣት፣ የፖሊስ ባልደረባ የሆነች ሴት፣ የባሏ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ የቀረባት እናት፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው። ይህ ነገር በእኔ እጅ ይሠራል?

ከትከሻ ወደ ወገብ

የዋግ ሰው ከጠመንጃ ጋር ያለው ትውውቅ ረጅም ነው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፣ በኋላም ክላሽ በየዘመናቸው በዚህ ደጋ አልፈዋል። የመሣሪያው ስም በፉከራ ተነሥቷል፤ በሠርግም በለቅሶም ቦታ ነበረው። ረጅም ጠመንጃ በሁለት እጅና በትከሻ የሚያዝ ስለሆነ የመዳፍን ማነስ በመጠኑ ይሸፍናል። ክብደቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ግራ እጅ ከፊት ይደግፈዋል። ሽጉጥ ግን ትከሻ የለውም። ሸክሙ፣ ምቱና ማነጣጠሩ ሁሉ የሚወድቀው በመዳፍና በአንጓ ላይ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ ሲያነግት የኖረ ቤተሰብ ስለ ሽጉጥ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም።

ሴት መሣሪያ መያዟም ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። በየመንደሩ ስማቸው ሳይመዘገብ የባላቸውን ብረት አንሥተው ቤታቸውንና ከብታቸውን የጠበቁ ሴቶችም ጥቂት አልነበሩም። ከሕይወት የተረፈችው ሴት መሣሪያውን ትረከባለች፤ መሣሪያው ግን ለሌላ ሰው ቁመትና መዳፍ የተመረጠ ነው።

የቅርቡ ዘመን ጥያቄውን አከበደው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራን በቀጥታ መታ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠለሉ። በጦርነቱ በሴቶች ላይ የደረሰው ጥቃት በአማራ ክልልም በሌላውም ቦታ ተመዝግቧል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ዘገባ በንፋስ መውጫ ከተማ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች ቃል ይዟል። እንዲህ ያለውን የሰማች ሴት በሯን በመቀርቀሪያ ብቻ ዘግታ መተኛት ቢከብዳት የሚደንቅ አይደለም። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህም የሚሰጣት ምክር እውነተኛ መሆን አለበት።

« ሽጉጥ ትከሻ የለውም። ሸክሙም ምቱም በመዳፍ ላይ ነው። »

ዋግሹም ጎበዜ በአሳም

ከመሣሪያ ብዛት ይልቅ ከሰው ጋር መስማማቱ እንደሚበልጥ ዋግ ከራሷ ታሪክ የምታገኘው ትምህርት አለ። ዋግሹም ጎበዜ፣ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ የገደሉባቸው፣ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሰሜን ላይ ተቀናቃኛቸው ካሣ ምርጫ ነበሩ፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ከመቅደላ ሲመለስ ለካሣ መድፎችና ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄዶ ነበር። ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ ጥቂቱን ጦራቸውን በመሣሪያው አሠለጠነላቸው።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በዓድዋ አጠገብ በአሳም ሲገናኙ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ድሉ ግን የካሣ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተማረኩ። ካሣም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለውጤቱ ብዙ ምክንያት ያነሣሉ። ከሁሉም የማይቀረው ግን ይህ ነው፦ የተሻለ መሣሪያ፣ መሣሪያውንም በተለማመደ እጅ። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም ነበር። በጦር ሜዳ የታየው ይህ እውነት በአንድ ሰው መዳፍ ውስጥም ያው ነው።

መዳፍና ምላጭ

የመሣሪያ ጥገና የሚያውቁ፣ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ አዛውንቶች ለጀማሪ ሽጉጥ ሲያሳዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ካዝናውን ያወጣሉ። የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው ጥይት የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በዓይን ያያሉ፤ በጣትም ይዳስሳሉ። ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጥተው እንደገና ያስፈትሻሉ። አፈሙዙ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ቢያመልጥ ሊያቆም ወደሚችል አፈር ያያል። ባዶነቱ በሁለት ሰው ዓይን ሳይረጋገጥ ልክ መለካት የለም።

ቀጥሎ እጁ ይታያል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ያለው ሥጋ ከእጀታው ጀርባ ከፍ ብሎ፣ ክፍተት ሳይተው ይቀመጣል። ሦስቱ ጣቶች ከምላጩ ጠባቂ ቀለበት ሥር እጀታውን ይጠቀልላሉ። አሁን ክንዱንና ሽጉጡን ከላይ ማየት ነው። የሽጉጡ አፈሙዝና የክንዱ አጥንት በአንድ መሥመር መሆን አለባቸው። እንዲህ እንደተያዘ ጠቋሚ ጣት ወደ ምላጩ ይዘረጋል። የጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ልም ሥጋ ምላጩ መሐል ላይ ካረፈ፣ ጣቱም የሽጉጡን ጎን ካልተጫነ፣ ሽጉጡ ለዚያ እጅ ይሆናል።

ትንሽ እጅ ላይ ችግሩ የሚታየው እዚህ ነው። ጣቱ አይደርስም። የጣቱ ጫፍ ብቻ ምላጩን ይነካል። ሰውየውም ሳያውቀው መዳፉን ወደ ጎን አዙሮ ጣቱን ያደርሰዋል። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ከክንዱ መሥመር ወጥቷል። ሽጉጡ ሲተኩስ ምቱ የሚያርፈው በመዳፉ ወፍራም ሥጋ ላይ ሳይሆን በአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ያማል። ያመመው ሰው በሁለተኛው ጥይት ገና ሳይተኩስ እጁን ይሰበስባል፤ ጥይቱም ካሰበው ቦታ ይስታል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ሴት ተኩስ አይሆንላትም ይላሉ። ያልሆነላት ተኩሱ አይደለም፤ እጀታው ነው።

ስለዚህ ለትንሽ እጅ ሽጉጥ ሲመረጥ ዋናው ልክ የሽጉጡ ርዝመት ወይም ስሙ ሳይሆን ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ፊት ያለው ርቀት ነው። ይህን ርቀት የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የእጀታው ውፍረት ነው። ጥይት በካዝናው ውስጥ በአንድ ረድፍ ሲደረደር እጀታው ይቀጥናል፤ በሁለት ረድፍ ሲሆን ይወፍራል፤ በምትኩ ብዙ ጥይት ይይዛል። ሁለተኛው የምላጩ አሠራር ነው። መዶሻው ቀድሞ ተወጥሮ በሚተኮስ ሽጉጥ ላይ ምላጩ ወደ ኋላ ቀርቦ ይጠብቃል፤ መሳቢያውም አጭርና ቀላል ነው። ምላጩ ራሱ መዶሻውን አንሥቶ በሚለቅበት አሠራር ግን ለመጀመሪያው ጥይት ምላጩ ወደ ፊት ርቆ ይቆማል፤ ስቡም ረጅምና ከባድ ይሆናል። ለአጭር ጣት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አራሽ እርፉን በቁመቱ ልክ ያሠራል፤ የጎረቤቱ ሞፈር ያማረ ቢሆን እንኳ ወገቡን የሚሰብር ከሆነ አያርስበትም። ሽጉጥም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባል።

« ያልሆነላት ተኩሱ አይደለም፤ እጀታው ነው። »

ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ ምት

ለትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ የሚለው ምክር በመጀመሪያ ሲሰማ ትክክል ይመስላል። ለመደበቅ ይመቻል፤ ለዓይንም አያስፈራም። ነገር ግን የተኩስ ምት ከሽጉጡ ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ዓይነት ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲወጣ ከከባዱ ይልቅ እጅን ይበልጥ ይመታል። አፈሙዙ ይበልጥ ወደ ላይ ይዘላል፤ ድምፁና እሳቱም ለተኳሹ ይቀርባሉ። እጀታው ካጠረም ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መሐል ያለው ርቀት ሲያጥር ደግሞ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ወደ ትልቅ ስህተት ይቀየራል። ኪስ ውስጥ የምትገባ ሽጉጥ ይዞ ለመዞር ምቹ፣ ለመተኮስ አስቸጋሪ ናት። ልምድ ላለው ሰው የሚሆነው ለጀማሪ አይሆንም።

ለትንሽ እጅ የሚመከረው እንግዲህ መካከለኛውን ነው። እጀታው ቀጭን፣ ሦስቱ ጣቶች ሙሉ የሚያርፉበት፣ ክብደቱ ምቱን የሚያበርድ፣ ምላጩ የሚደረስ። ጥይቱ ደግሞ ሰውየው ሳይሳቀቅ ደጋግሞ ሊለማመድበት የሚችለው መሆን አለበት። ከባድ ጥይት ይዞ ከመሳት መለስተኛውን ይዞ ዒላማ መምታት ይሻላል።

ሌላው የትንሽ እጅ ፈተና ተንሸራታቹን ብረት መሳብ ነው። ብዙ ሴቶችና አዛውንቶች ሽጉጡን በክንዳቸው ወደ ፊት ዘርግተው ብረቱን በሁለት ጣት ለመሳብ ሲታገሉ ይታያሉ። አሠልጣኞች የሚያስተምሩት ሌላ ነው። ሽጉጡ አፈሙዙ ወደ ደህና አቅጣጫ እንዳለ ወደ ደረት ይቀርባል። ግራ እጅ ብረቱን ከላይ በሙሉ መዳፍ ጨምድዶ ይይዛል። ከዚያ ብረቱ ከሚሳብ ይልቅ እጀታው በቀኝ እጅ ወደ ፊት ይገፋል። የጣት ጉልበት ያልቻለውን የትከሻና የደረት ጉልበት ይችለዋል። ይህን ተለማምዳም ብረቱን መሳብ ያልቻለች ሴት ሌላ ሽጉጥ ትፈልግ፤ ካዝናው ቢሞላ ምን ይረባታል?

በአገር ውስጥ እጅ ላይ ያሉት

በኢትዮጵያ ሽጉጥ የሚመረጠው ከሰፊ መደብር አይደለም። ሰው በእጁ የሚያገኘው ከዘመናት የተረፈውን ነው። ስለዚህ በስም የታወቁትን በመዳፍ ልክ ማየት ይጠቅማል።

ማካሮቭ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ፣ በብዙ መኮንኖች ወገብ የታየ ሽጉጥ ነው። ስምንት ጥይት በአንድ ረድፍ ይይዛል፤ ቁመቱም አጭር ነው። ከሩቅ ሲታይ ለትንሽ እጅ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ችግር አለው። ለመጀመሪያው ጥይት ምላጩ ወደ ፊት ይርቃል፤ ስቡም ከባድ ነው። የተንሸራታቹ ብረት ሞላ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አሠራር የጥይቱን ግፊት የሚይዘው ክብደትና ሞላ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ጉልበት ላነሰው እጅ ሁለቱም ይከብዱታል። መዶሻውን በአውራ ጣት አንሥቶ መተኮስ ይቻላል፤ በድንጋጤ ሰዓት ግን ያን ያስታወሰ ሰው ልምምድ ያደረገ ሰው ነው።

ቶካሬቭ እጀታው ቀጭን ነው፤ ምላጩም ይቀርባል። ለትንሽ መዳፍ ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው። ጥይቱ ፈጣን፣ ድምፁ ብርቱ ነው። ትልቁ ጉድለቱ በመጀመሪያው አሠራሩ በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ያለው የመዶሻው ግማሽ ማረፊያ ብቻ ነው፤ ያረጀ ሽጉጥ ላይ እርሱም ይበላል። ጥይት ጎርሶ በወገብ መያዝ ለባለቤቱ ራሱ አደጋ ነው።

የቤልጂጉ ብራውኒንግ ጥይት በሁለት ረድፍ እየያዘ እጀታው እምብዛም አለመወፈሩ ሲመሰገን የኖረ ነው። መዶሻው ተወጥሮ ስለሚተኮስ ምላጩ ይቀርባል፤ ክብደቱም ምቱን ያበርዳል። ለአጭር አውራ ጣት የሚያስቸግረው የቀድሞዎቹ መጠበቂያ ትንሽ መሆኑና ለመገልበጥ መጠንከሩ ነው።

ከጣሊያን ወረራ የተረፈው ቤሬታ በመዳፍ ልክ ከሁሉም ያነሰ ነው። ሰባት ጥይት ይይዛል፤ ምቱም አይከብድም። ዕድሜው ግን ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ሞላው ደክሞ፣ ካዝናው ተጣሞ ከሆነ የታሪክ ቅርስ እንጂ የመከላከያ መሣሪያ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በኮንትሮባንድ የሚገባው ነው። በፖሊስ ዜና በተደጋጋሚ የሚጠራው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቱርክ ደኅና ሽጉጥ ትሠራለች። ነገር ግን ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቦረቦረም አለ። የዚህ ዓይነቱ አካል ከለስላሳ ቅይጥ ብረት የተሠራ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም። መልኩ ያማረ፣ መጠኑ ለትንሽ እጅ የተመቸ ሊሆን ይችላል። እጅ ውስጥ ሊፈነዳም ይችላል።

የሌላው ዓለም ልምድ

የእጀታ ጉዳይ የሰቆጣ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ቤሬታ ኤም 9ን የጦሩ ሽጉጥ አድርጎ ሲመርጥ እጀታው ወፍራም፣ የመጀመሪያው ምላጭም ሩቅ ነበር። ትንሽ እጅ ያላቸው ወታደሮች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለዓመታት አማረሩ። ሌሎች ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእጀታውን ጀርባ በሚቀየር ቁራጭ ማስተካከል ጀመሩ። ያው ጦር እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ሽጉጥ ሲመርጥ እጀታው በተለያየ መጠን የሚቀየር መሆኑን ከመመዘኛዎቹ አንዱ አደረገ። ውጤቱ የሲግ ሳወር ሽጉጥ ሆነ።

ትልቁ ጦር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበት የተቀበለው ነገር ይህ ነው፦ ወታደሩን ለሽጉጡ መዝኖ ከመጣል ሽጉጡን ለወታደሩ ማስተካከል ይሻላል። ለዋግ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የእጅ መጠን ከቁመት ጋር ይሄዳል፤ ቁመት ደግሞ ከልጅነት ምግብ ጋር። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በዚህች ከተማ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአውሮፓ ወታደር አማካይ መዳፍ የተቀረጸ እጀታ እዚህ ለብዙ ሰው ይሰፋል፤ ለብዙ ወንድ ጭምር።

« ለአውሮፓ ወታደር መዳፍ የተቀረጸ እጀታ እዚህ ለብዙ ወንድም ይሰፋል። »

ሕጉ ምን ይላል

ከምርጫው በፊት ፈቃድ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ አቁሞታል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶታል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት አይደለም። የሕግ ባለሙያዎች በተለይ ለመበለቶች አጥብቀው የሚያስረዱት ይህንኑ ነው። ባል በፈቃድ ይይዘው የነበረ ሽጉጥ ባል ሲሞት ወዲያው የሚስት አይሆንም። ለፖሊስ አሳውቆ በስም ማዞር ወይም ማስረከብ ያስፈልጋል። ሳጥን ውስጥ ደብቆ ማስቀመጥ ሐዘን ላይ ክስ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ሕግ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ልክ ግን ያበጅለታል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና ወዲያው የሚደርስ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት። መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ደግሞ መከላከሉ ከልክ ሲያልፍ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንደሚያቀልል፣ ልክ ያለፈው በጥቃቱ ከተፈጠረ ይቅር ሊባል ከሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነም ከቅጣት ነጻ ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል።

ይህ ከእጅ መጠን ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀጥታ ይገናኛል። በማይሆንላት ሽጉጥ የተኮሰች ሴት ጥቃት አድራሹን ስታ አላፊውን ልትመታ ትችላለች። ሸሽቶ የሚሄድን ሰው መተኮስ ደግሞ በደል እንጂ መከላከል አይደለም። በዋግ ደጋ አንድ ጥይት የሚያመጣው ጣጣ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ደም ይፈላለጋል፤ ሽማግሌ ይቆማል፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ለዓመታት ይቆራረጣል። እዚህ የተሳተ ጥይት ዋጋው ብዙ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው አደጋ

የጤና ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ከመሣሪያ አዋቂዎች የተለየ ጥያቄ ያነሣሉ። ሴትን የሚያጠቃት ማን ነው? ብዙ ጊዜ የማታውቀው ሽፍታ አይደለም። የምታውቀው ሰው ነው፤ አንዳንዴም አብሯት የሚኖር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖር በዚያ ቤት ሰው የመገደል ዕድልን ከፍ ከማድረግ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል፤ አደጋው የበረታውም ከቤተሰብና ከቅርብ ሰው በኩል ነበር። ለጥበቃ የገባው ሽጉጥ በጠብ ሰዓት የጉልበተኛው እጅ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ልጆችም አሉ። አንድ ክፍል በሆነ የደጋ ቤት፣ ቆጥ ላይ ወይም ትራስ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ ከልጅ አልተደበቀም። ልጅ እናቱ የምትነካውን ሁሉ ያውቃል። ለትንሽ እጅ የተመረጠ፣ ምላጩ የቀረበና የቀለለ ሽጉጥ ለልጅ እጅም ይበልጥ የሚቀርብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ ምርጫው ከቁልፍ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። የሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን፤ ጥይቱ በሌላ ቦታ፤ ቁልፉ በባለቤቷ ገላ ላይ። ይህን ማድረግ በማይቻልበት ቤት ሽጉጥ አለመግባቱ የተሻለ ውሳኔ ነው።

ሽጉጥ ሁሉን አይመልስም። ከሠፈር ጋር መነጋገር፣ ሌሊት በቡድን መሄድ፣ የሚጮህ ውሻ፣ ጠንካራ በር፣ ስልኩ የሚነሣ የቅርብ ዘመድ ብዙ ጊዜ ከጥይት ቀድመው ይደርሳሉ። በፈቃድ ሽጉጥ ለመያዝ የወሰነች ሴትም እነዚህን አትተውም።

« ቁልፍ በሌለበት ቤት ሽጉጥ አለመግባቱ የተሻለ ውሳኔ ነው። »

ለሰጪውና ለተቀባዩ

በዚህ ጉዳይ ኃላፊነቱ በገዢዋ ወይም በወራሿ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ለሴት ፖሊስና ለሴት ሚሊሻ መሣሪያ የሚያስታጥቅ አካል ከመዝገብ ቁጥር በፊት እጇን ሊያይ ይገባል። ባዶነቱ በተረጋገጠ መሣሪያ ጣቷ ምላጩ ላይ በትክክል ማረፉን፣ ብረቱን ራሷ ስባ መመለሷን፣ እጀታውን ሳትለቅ መጠበቂያውን መቆለፏን ማየት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ካልሆነላት ሌላ መስጠት ወይም እጀታውን በቀጭን ሰሌዳ መቀየር ይቻላል። ከሠልፍ ወጥታ ሽጉጡን ለመመለስ የጠየቀች ሴት ሰነፍ ተብላ መታየት የለባትም። ጉድለቱን ያወቀች ጥንቁቅ ሰው ናት።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። አባት ለልጁ፣ ወንድም ለእህቱ መሣሪያ ሲያስብ ክብሩን ሳይሆን እጇን ያስብ። አባት የታጠቀው፣ አያት የማረከው ብረት ቤት ውስጥ በክብር ሊኖር ይችላል፤ ፈቃዱ ተስተካክሎ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ እንደ ቅርስ። ራስን ለመከላከል ግን ስም ያለው ብረት ሳይሆን የሚታዘዝ ብረት ነው የሚያስፈልገው።

ለራሷ ለምትመርጠው ሴት ደግሞ መመዘኛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሊሸራረፉ ግን አይገባም። ፈቃድ ይኑርሽ። እጀታውን ይዘሽ ክንድሽና አፈሙዙ በአንድ መሥመር ሳሉ ጣትሽ ምላጩን ካልደረሰ አትውሰጂው። ብረቱን ራስሽ መሳብ ካልቻልሽ አትውሰጂው። ምቱ ልምምድ እስኪያስጠላሽ ድረስ ካመመሽ አትውሰጂው። የምትቆልፊበት ከሌለሽ አትውሰጂው። ሻጩም፣ ወንድምሽም፣ አለቃሽም ትለምጂዋለሽ ቢሉሽ አትስሚ። እጅ አያድግም፤ ሽጉጥ ግን ይቀየራል። አምስቱም ከተሟሉ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ በተፈቀደ ቦታ፣ እጅሽ እስኪለምደው ተለማመጂ። የዋግ ደጋ ሴቶች በክፉ ቀን ብረት አንሥተው ቤታቸውን ጠብቀዋል። ዛሬ ቤታቸውን ለሚጠብቁት ሴት ልጆቻቸው የሚገባቸው በልካቸው የተመረጠ መሣሪያ፣ በቂ ሥልጠና፣ ከምንም በላይ ደግሞ ያን መሣሪያ ለማንሣት የማይገደዱበት ሰላም ነው። ሦስተኛው እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንፈግ እነርሱን ለአደጋው ማጋለጥ ነው።